ለገባች ኳስ ቃል የለም

ውድ ይልቫ፣

ይሄን ሳትጨርሺ ምድጃ ውስጥ እንዳትከቺው። ከጨረስሽው በኋላ የፈለግሽውን አድርጊ።

የኔዋ ማይ-ብሪት ዳቦ ቤት አግኝታሽ ነበር አይደል? ቤት መጥታ ነገረችኝ። "ይልቫ ቴኒስ በቃኝ ብላለች" አለችኝ። "ዓርብ ትምህርት ቤቱ ሄዳ ልትፈርም ነው፣ የስፖርት አስተማሪ ልትሆን።" እኔም "ምነው? ትከሻዋ ተሽሎታል አላሉም?" አልኳት። "ትከሻዋ አይደለም። 'በሁለት እጄ የምመታው ምት ከዳኝ፤ እሱ ከሄደ እኔ ምን ቀረኝ' ነው ያለችኝ። ቅዳሜ ለታ በመጨረሻዋ ኳስ ነው የቆረጠችው።"

የምበላውን ዳቦ አስቀምጬ ተነሳሁ።

ይልቫ፣ ያቺ ኳስ አልወጣችም። መስመሩን ነክታለች። አይቻታለሁ።

በይቅርታ ልጀምር አስቤ ነበር። ግን ታውቂኛለሽ፣ ያንገበገበኝን ሳልተነፍስ ይቅርታ ከጉሮሮዬ አይወጣም። ስለዚህ ትሰሚኛለሽ።

ሰባት ዓመትሽ ነበር። የወንድሞችሽን የሆኪ ዱላ እየጎተትሽ ማሽን የምጠግንበት የዓሣ መጋዘን መጣሽ። ራኬት ስሰጥሽ እንደ ዱላው በሁለት እጅሽ ጨበጥሽው። ነጭ ቀሚስ የለበሱት የክለቡ ሴትዮዎች እንዴት እንደሳቁ ታስታውሻለሽ? "ቶርስቴን፣ ልጅቷ ቴኒስ ነው የምትጫወተው ወይስ በረዶ ነው የምትዝቀው?" አሉኝ። "በረዶም ቢሆን ከናንተ በፊት ትጨርሳለች" አልኳቸው። አጨባበጥሽን ቀይር ያለኝ ስንቱ ነው! አልቀየርኩም። እኔ ቴኒስን የተማርኩት ከቴሌቪዥንና ከቤተ መጻሕፍት ነው፤ ወረቀት የሰጠኝ የለም፤ ግን የልጅ እጅ ደስ ሲለው አውቃለሁ።

ክረምት ክረምት የሄሪንግ ዓሣ ሳጥኖቹን ገፋ እናደርግና ግድግዳው ላይ ኳስ ስትደበድቢ ትውያለሽ። እኔ ፔርሙዝ ይዤ እቆማለሁ፣ ትኩስ የብሉቤሪ ፍሬ ሾርባ። ጥርስሽ ሰማያዊ ሆኖ፣ ዓሣ ዓሣ እየሸተትሽ ቤትሽ ስትደርሺ እናትሽ በረንዳ ላይ ልብስሽን ታስወልቅሽ ነበር። አሳደግኩሽ። ወለድኩሽ አላልኩም፤ አሳደግኩሽ ነው ያልኩት።

ከዚያ የፌዴሬሽኑ ሰው፣ ያ ሬትሊንግ፣ ከስቶክሆልም መጥቶ ወሰደሽ። ቅር አለኝ? አላለኝም። ቦርሳሽን እስከ ባቡሩ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ፓሪስ ስትጫወቺ፣ ሜልቦርን ስትጫወቺ፣ ደረጃሽ ከዓለም የመጀመሪያዎቹ ስልሳ ውስጥ ሲገባ ከመጋዘኑ ሰው ሁሉ ጋር የተጣላሁት እኔ ነኝ፣ "ዝም በሉ፣ ውጤት እየተነበበ ነው!" እያልኩ።

ታዲያ በዚህ ጸደይ ጋዜጣው ላይ ምን አልሽ? "የመጀመሪያው እውነተኛ አሰልጣኜ ሬትሊንግ ነው።"

እውነተኛ! እኔስ ታዲያ ምን ነበርኩ? የውሸት? ጋዜጣውን ማይ-ብሪት አፍንጫ ሥር ደቀንኩት። "ኧረ ጋዜጠኛው ነው እንዲህ የጻፈው፣ ተወው" አለችኝ። "ጋዜጠኛው ነው ሾርባ ያጠጣት?" ብዬ ጮህኩባት። ምን አደረገች እሷ? ምንም። ግን የምጮህበት ሰው አጣሁ። አንቺ ጋ ደውዬ መጮህ ነበረብኝ። አልደወልኩም። ያቺን "እውነተኛ" የምትል ቃል እንደ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ይዣት ዞርኩ።

ከዚያ ትከሻሽ ታመመ፣ ደረጃሽ ወረደ፣ የወረደውን ልታነሺ እኛው ከተማ የበጋው ውድድር ላይ መጣሽ። የክለቡን ነገር ታውቂያለሽ፤ አንዱ ዳቦ ይጋግራል፣ አንዱ መኪና ያስቆማል፣ አንዱ መስመር ይዳኛል። ተራዬ መስመር ላይ ወደቀ። ሊቀ መንበሩ ራግናር ተጠራጠረ። "ቶርስቴን፣ አንተ የልጅቷ ሰው አይደለህም እንዴ? ለሌላ ሰው ልስጠው?" አለኝ።

"ሰውዋ አይደለሁም" አልኩት። "ጋዜጣ አታነብም?"

ሳቀ። እኔ ግን አልቀለድኩም።

እንግዲህ የጨዋታው ሦስተኛና መጨረሻ ክፍል ላይ ነን። የዴንማርኳ ልጅ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቀርቷታል። አንቺ ወደ ግራ ተዘረጋሽና በሁለት እጅሽ፣ በዚያ በሆኪው አመታት፣ መስመር ለመስመር ላክሻት። እንዴት ያለች ኳስ! እኔ ነኝ ያስተማርኳት። መስመሩን ላጭታ አለፈች። ዓይኔ አያት። አፌ ደግሞ "አውት!" አለ።

ሆን ብለህ ነው ወይ ትይኛለሽ። አላውቅም ብልሽ ይቀለኝ ነበር። ያቺ "እውነተኛ" የምትባል ጠጠር እግሬ ሥር ነበረች፣ ይሄን አውቃለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የኔ ግን ይታሽ ነበር፤ እጄን አንስቼ "ተሳስቻለሁ" ብል ወዲያው ይታረማል፣ ለመስመር ዳኛ የተፈቀደ ነው። ታሸንፊ ነበር አልልም። ትቀጥይ ነበር። እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ።

አንቺ ግን እጅሽን አነሳሽ። ኳሷ አፈሩ ላይ የተወችው ምልክት ይታይልኝ ልትይ ነው። ቀይ አፈር አይዋሽም፤ ምልክቷ እዚያው ጫማዬ አጠገብ ቁጭ ብላለች። ዋናው ዳኛ ከወንበሩ ሊወርድ አንድ እግሩን አውርዷል። ያኔ ማን እንደጮኸ ለማየት ዞር አልሽ። አየሽኝ። እጅሽን አወረድሽ።

"ተወው" አልሽው። "ቶርስቴን ካለ አውት ነው።"

ምነው በሰደብሽኝ! ምነው ራኬትሽን በወረወርሽብኝ!

ትዝ ይልሻል፣ ልጅ ሆነሽ ዳኛ በሌለበት ጨዋታ፣ ልጆች ኳሱን ለራሳቸው በሚጠሩበት፣ የገባች ኳስ አውት ያልሽ ለታ? ከአጥሩ ጀርባ ጠራሁሽ። "ሂጂና ንገሪያት" አልኩሽ። "እሸነፋለሁ እኮ!" አልሽ። "ተሸነፊ።" ሄደሽ ነገርሻት፣ ተሸነፍሽ፣ መኪና ውስጥ እያለቀስሽ "አንተ ሽማግሌ ጅል!" አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ የተጠራጠርሻትን ኳስ ሁሉ ለሌላዋ ሰጠሽ። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩሽ። በዚያው በሰጠሁሽ ነገር ወጋሁሽ።

አላለቀም። ጨዋታው ሲያልቅ እንደ ልማዳችን ሜዳውን ልትጠርጊ መጎተቻውን አነሳሽ። ከእጅሽ ተቀበልኩሽ። "ደክሞሻል፣ ስጪኝ።"

"አመሰግናለሁ፣ ሽማግሌው" አልሽኝ። ፈገግ ብለሽ!

ሁሌ ከየት እንደምንጀምር ታውቂያለሽ፣ ከዳር ዞረን መሃል እንጨርሳለን። እኔ የጀመርኩት ከዚያች ጥግ ነው። በመጀመሪያው ጉተታ ምልክቷ ጠፋች።

ዛሬ ጠዋት ራግናር ቤት ሄጄ ነገርኩት። ቡናውን አስቀምጦ በሩን ዘጋ። "አለቀ እኮ ቶርስቴን። ውጤቱ አይቀየርም። ሰው ምን ይላል? ለክለቡም ጥሩ አይደለም" አለኝ።

"ውጤቱ አልቋል" አልኩት። "ልጅቷ ግን አላለቀችም!"

ከዚያ ወጥቼ የክለቡ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ የዳቦ ጋጋሪዎቹ ተራ ከተለጠፈበት ጎን፣ በትልልቁ ጻፍኩት፦ የይልቫ የመጨረሻ ኳስ ገብታለች። አውት ያልኩት እኔ ቶርስቴን ነኝ፣ አይቼ ነው። ኪሴ የኖረውን የሜዳውን ቁልፍም ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት፤ ከእንግዲህ አይገባኝም። ያቺ ዳቦ የምትጋግረው ጉኔል አነበበችና "ቀልድ ነው?" አለችኝ። አይደለም ስላት ትሪዋን ይዛ ሳትሰናበተኝ ሄደች። ልክ ናት።

ማስተማር ከፈለግሽ አስተምሪ፤ ጥሩ አስተማሪ ይወጣሻል። ግን ምቴ ከዳኝ ብለሽ አትፈርሚ። ምትሽ አልከዳሽም። የከዳሁሽ እኔ ነኝ። ይሄን ሳታውቂ እስክሪብቶ እንዳታነሺ ነው የጻፍኩት፣ ይቅር በይኝ ለማለት አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የመስመር ዳኛ ለወጣች ኳስ ይጮሃል። ለገባች ኳስ ግን ቃል የለውም፤ ሁለት መዳፉን ወደ መሬት ዘርግቶ ዝም ይላል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እንዲሁ ነበርኩ። ስትሳሳቺ መጋዘኑ እስኪያስተጋባ ጮህኩብሽ። ያንን የመሰለ ምት ስትመቺ ደግሞ "መጥፎ አይደለም" ብዬ ሾርባ ቀዳሁልሽ። እኛ ቤት ከዚያ በላይ ማመስገን ልጅ ያበላሻል ይባላል። እንግዲህ ማን እንደተበላሸ አየን።

ዓርብ ወደ ትምህርት ቤቱ ስትሄጂ መንገድሽ በመጋዘኑ በኩል ነው። በሩ ላይ እቆማለሁ። አላናግርሽም፣ አላስቆምሽም። ሁለት መዳፎቼን ወደ መሬት ዘርግቼ ታይኛለሽ። ትርጉሙን ታውቂዋለሽ። ሳታይኝ ብታልፊም መብትሽ ነው፤ እጄን ግን አላወርድም፣ ጥጉን እስክትታጠፊ።

የመጀመሪያው አሰልጣኝሽ፣
ቶርስቴን

"እውነተኛ" የምትለዋን አልጨመርኩም። ቅዳሜ ለታ በራሴ መጎተቻ ጠርጌያታለሁ።