ቀዩ ገጽ

ሰኞ፣ የካቲት 3፣ ጠዋት 3፡00

የቢሯችን የኢንተርኔት ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። መብራት ሁለቴ ሄዶ መጣ፤ እሱ ግን ምንም አልሆነ። ለካ የሚኖረው እኛ ቢሮ አይደለም! ዲላ ቁጭ ብለን የምንከፍተው ድረ ገጽ ሁሉ መጀመሪያ ክላውድ የሚሉት ቦታ ደርሶ፣ ተፈትሾ ይመለሳል። የት አገር ነው ብዬ የሸጠልንን ኩባንያ ጠየቅኩ። እነሱም በቅጡ አያውቁም። ይገርማል።

ምን ይዘጋ? የቡና ዩኒየናችን ሥ/አስኪያጅ አቶ ታደሰ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ቁማር፣ ብልግና፣ መጠጥ አሉኝ። ዘጋሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ማስታወሻዬ፣ ጉድ ልንገርህ። የማጣሪያውን ሪፖርት ባየው፣ ከቡና ቅምሻ ክፍሉ ኮምፒውተር አንድ ሰው ጠዋት ጠዋት ማጣሪያው «መጠጥ» ብሎ የዘጋውን ገጽ ይሞክራል። በእንግሊዝኛ መግባት አይፈቀድም የሚል ቀይ ገጽ ይመጣበታል። በማግስቱ ደግሞ እዚያው! እዚያ ክፍል የሚሠሩት ቀማሻችን ጋሼ ብርሃኑ ብቻ ናቸው። የመዘምራን መሪ። ቢራ ሲባል ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰው። ምን ፈልገው ይሆን? ሥራ መሥራት አቃተኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ሪፖርቱ ለሥ/አስኪያጁም እንደሚደርስ ዘንግቼው ነበር። አስጠሩኝ። የሚጠጣ ሰው ቡና እንዲቀምስልኝ አልፈልግም፣ ሰኞ ከቦታው ይነሳል አሉ። እኔና ማጣሪያዬ ሰውዬውን እንጀራቸውን ልናሳጣቸው ነው።

አርብ፣ የካቲት 7፣ 4፡20

ጋሼ ብርሃኑን ራሳቸውን ልጠይቅ ብዬ ቅምሻ ክፍል ገባሁ። ምንም አልደበቁም። ገጹ የውጭ ገዢዎቻችን ነው፤ የሬኮ ገበሬዎቻችንን ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ናሙና ቀምሰው አስተያየት የሚጽፉበት። ቀዩን ገጽ ያወጡት ገዢዎቹ መስለዋቸዋል! «ተቀይመውናል፣ ልጄ። ናሙናው አልጣማቸውም» አሉኝ። ለሬኮ ሰዎች ለመንገር አፍረው ሰነበቱ። ታዲያ በየቀኑ መሞከሩ ለምን? አልኳቸው። የተቀየመን ሰው ደጅ ይጠኑታል እንጂ አንዴ ሄደው ይተዉታል ወይ፣ ብለው መልሰው እኔኑ ጠየቁኝ።

ከፈትኩላቸው። ገዢዎቹ ቡናውን ሲያሞግሱ አይጣል ነው፤ ቀይ ወይን ወይን ይላል፣ ሮም የሚሉትን አረቄ ይሸታል። ማጣሪያው ይህን ሁሉ አይቶ ገጹን መጠጥ ቤት አድርጎት አረፈ። ከሥር ደግሞ ከማክሰኞ ጀምሮ መልስ ያጣ ጥያቄ፦ ሁለተኛ ናሙና ላኩልን፤ ምነው ጠፋችሁ? ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ ደግመው ጠረጉ። እኔን ሳቅም እንባም ያዘኝ።

ከሰዓት፣ 9፡00

አብረን አቶ ታደሰ ዘንድ ገባን። አነበቡ። ከዚያ ተነስተው ጋሼን ይቅርታ ጠየቁ። ሁለተኛው ናሙና ዛሬውኑ ይጫናል። መጠጥ ዝግ እንደሆነ ይቆይ፣ ይቺን ገጽ ብቻ ክፈቺ አሉኝ። እሺ።

እኔም ወስኛለሁ። የቀዩን ገጽ ጽሑፍ መቀየር ይቻላል፤ ሞክሬ አየሁት። ከሰኞ ጀምሮ በአማርኛና በጌዴኦኛ ይሆናል፣ ጌዴኦኛውን ጋሼ ይጽፉልኛል፦ «ይህን የዘጋሁት እኔ ገነት ነኝ፤ ቢሮ ቁ. 4 መጥታችሁ ጠይቁኝ። ማንም አልተቀየማችሁም።»