ዝናብ መጣች

ጌታነህ፣

ከክሊኒክ ስትመለስ አታገኘኝም። እናቴን አገሯ ሃላሌ ላደርሳት ሄጃለሁ።

ጣራው የሚያፈስበት ላይ ሳፋ አድርጌያለሁ፤ ሲሞላ ድፋው። ድስቱ ውስጥ እናቴ ያመጣችው የቦዬ ሥር ተቀቅሎ አለ። ባልተነካው ጥርስህ ቀስ ብለህ አኝክ።

ይቺን ቤት ከተከራየን ጀምሮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብርድ ልብስ ተከናንበን ሬዲዮ ስንሰማ፣ እኔ "ዝናብ መጣች" ባልኩ ቁጥር "ዝናብ ሴት ናት እንዴ?" እያልክ ስትስቅብኝ ችያለሁ። አማርኛዬ ነው፣ ሳቅ።

ትናንት ግን እናቴ እንደዚያ ስትል አፍህን አጣመህ ደገምክባት። የምታጫውታት መስሏት አብራህ ሳቀች።

ያኔ ነው በቡጢ ያልኩህ። ስትወድቅ መተው ነበረብኝ። አልተውኩም። እሷ መሃል ባትገባ አንገትህን አልለቅም ነበር፤ እወቀው።

ለምን እንደመታሁህ አልነገርኳትም። የቆየ የኳስ ጠብ ነው አልኳት።

ደምህን የጠረገችበትን ነጠላ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፌዋለሁ። አንተ እጠበው።

ስንወጣ ሰማዩን አየችና፣ "ያ ልጅ ቁስሉን እንዳይበርደው መስኮቱን ዝጋለት፤ ዝናብ መጣች" አለችኝ።

ዘግቼልሃለሁ።

እስቲ አሁን ሳቅ።

ዱባለ