የአምባው መዝገብ እና የኔ ዕድሜ

ሰኞ፣ ጥቅምት 7፤ ጧት 3 ሰዓት

ዛሬም ሰልፍ ላይ ነኝ፣ ደብተሬ። ጉልበቴ ላይ አስደግፌሽ ነው የምጽፈው። አሶሳ፣ የአዲሱ ክልል ጽ/ቤት በር ላይ። የበሩ ቀለም ገና አልደረቀም። ከፊቴ ያለው ልጅ ተደግፎት ትከሻው አረንጓዴ ሆኗል፣ አላወቀም። ልንገረው? ይቅር፣ የራሴ ጭንቀት ይበቃኛል።

ማስታወቂያው፦ የውሃ ፓምፕ ጥገና ሥልጠና፣ ስድስት ወር፣ መንግሥት እያስተማረ እያበላ፣ ከዚያ ሥራ። የሚጠየቀው፦ ዕድሜ ከ18 እስከ 25፣ 8ኛ ክፍል የጨረሰ፣ ሥራ የሌለው፣ የክልሉ ነዋሪ መሆኑን ከቀበሌው ያስጻፈ። ሦስቱን አሟላለሁ፣ አራተኛውን ነገ ከቀበሌ አስጽፋለሁ። ታዲያ ለምን እፈራለሁ? ምዝገባው ማክሰኞ 15 ያበቃል።

ማክሰኞ 8

ፍርሃቴ ልክ ነበር። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጋሼ እንድሪስ ደብዳቤዬን ሊጽፉ የሰፈራ አምባችንን መዝገብ ገለጡ። ከወሎ መጥተን እዚህ ስንሰፍር የተጻፈው ነው፣ ዳሩን ምስጥ በልቶታል። ስሜ አለ። ዕድሜ 16 ይላል። ከመጣን አሥር ዓመታችን። በመዝገቡ 26 ዓመቴ ነው ማለት ነው። እኔ 19 ነኝ።

ጋሼ እንድሪስ መዝገቡ ያለውን ነው የምጽፈው አሉ፣ ጻፉም። ነዋሪነቴን የሚያስረዳ ሌላ ወረቀት የለኝም። ያው ወረቀት ደግሞ ከሥልጠናው ያስወጣኛል። ምሳ አልበላሁም።

ረቡዕ 9

አባን ጠየቅሁት። የመቆፈሪያ እጀታ እየጠረበ ነበር፣ ቀና አላለም። ሥራውን ሳያቆም ነገረኝ። ያኔ እርዳታው ለትልቅ ሰው ሙሉ ስፍር ስንዴ፣ ለልጅ ግማሽ። ወንድሞቼ ታመዋል። እኔ ቁመቴ ረዘም ይላል። እናቴ መቀነቷን አስታጥቃኝ፣ ሻሿን አስራልኝ ሰልፍ አስገባችኝ። አባ አሥራ ስድስት አለ፣ ጸሐፊው ሳያየኝ ጻፈ። ያላደረገ ቤት የለም ይለኛል። ተናደድኩበት። ስንዴውን የበላሁት እኔም ነኝ፣ ግን ተናደድኩበት።

ዓርብ 11

የት/ቤት ጓደኛዬ ሐዋ መጣች። የዚሁ አገር ተወላጅ፣ በርታ ናት፣ መንደራቸው ከአምባችን ማዶ ነው። የእሷ ምዝገባ አልቋል። እነሱ መዝገብ ስለሌላቸው አጎቷ ቀርበው መሰከሩ፣ ተቀበሏት። ለኔም መላ ካለ ጽ/ቤቱን ጠይቃልኛለች፦ ያስመዘገበው ሰው በአምባው ስብሰባ ፊት ተሳስቼ ነው ብሎ ከፈረመ ይታረማል። “ያንተ አባት ይናገር፣ ያልቃል” አለችኝ። አማርኛ ስትናገር ለሐዋ ሁሉም ሰው አንተ ነው።

ያልቃል? አባ የድንበር ሽማግሌ ነው። ሰው በእርሻ ሲጣላ የሚያምነው የእሱን ቃል ነው። አልጠይቀውም።

ቅዳሜ 12

ጠየቅሁት። ወዲያው እሺ አለ። እምቢ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ 13፤ ከስብሰባ መልስ

ተሳስቼ ነው ማለት ይበቃው ነበር። እሱ ግን ተነስቶ “ዋሽቼ ነው፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር” አለ። ያንኑ ያደረጉ አባቶች ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። እኔም ብሎ የተነሳ የለም። አምና በድንበር አባ የፈረደበት አንድ ሰውዬ ግን ተነሳ። ለስንዴ የዋሸ ሰው የኔን ድንበር እንዴት አድርጎ ለካው አለ። ጉርምርምታ ሆነ። ሳንበተን በአባ ቦታ ሌላ ሽማግሌ ተመረጠ። እጅ ካወጡት መካከል መሬት ሲያዩ የነበሩት አሉበት። ሁሉንም አይቻቸዋለሁ።

ጋሼ እንድሪስ መዝገቡን ሰርዘው አርመው፣ ይህንኑ የሚገልጽ አዲስ ደብዳቤ ማኅተም አድርገው ሰጡኝ። 19።

ሰኞ 14

አባ ቤት ውሏል። ሌላ ጊዜ ሰኞ ደጃችን ባለጉዳይ አያጣም። ዛሬ ማንም አልመጣም። እሱም በሩን አያይም፣ ወይም የማያይ ይመስላል።

ደብዳቤውን አራት ጊዜ አውጥቼ መለስኩት። አሶሳ ያለው ሰውዬ መዝገቡ ለምን ተሰረዘ ቢለኝስ? አላምንም ቢለኝስ? ቀድጄ ልገላገለው አልኩ። ግን ከቀደድኩት አባ የተዋረደው በከንቱ ነው።

ነገ አስገባዋለሁ። አባ አብሬሽ ልሂድ ወይ አለኝ፣ እንደ መፍራት ብሎ። እሺ አልኩት። በገበያው መንገድ፣ ሰው ሁሉ በሚያየን በኩል፣ ጎን ለጎን ነው የምንሄደው።