ስላልሞላችው ብልቃጥ

ለተከበሩ አቶ ነጋሳ ፈየራ
የንብረት ርክክብ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጅማ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። በሰውነትዎ ያሉ ሴሎች ሁሉ ጊዜያቸው ሲደርስ ሳይከራከሩ የሚሞቱ ይሁኑልዎ። ምርቃቱ እንግዳ ቢሆንብዎ አይፍረዱብኝ፤ ከተመረቅኩ ጀምሮ የምሠራው በዚሁ ነገር ላይ ነው።

ማመልከቻዬን ሰባት ጊዜ ስላስገባሁ እንደሚያውቁት፣ ሴል ላይ «በቃሽ፣ ሙቺ» የሚለውን ትእዛዝ የሚቀበል ፕሮቲን አለ። የካንሰር ሴል ይህን ፕሮቲን እንደያዘ ወይም እንደጣለ የሚያሳየን አንቲቦዲ የሚባል ፈሳሽ ነው። የማኅፀን በር ካንሰር ካለባቸው ከሠላሳ አንድ ሴቶች የተወሰደ ናሙና ይህንኑ ፈሳሽ ይጠብቃል። አንዷ የሰርቦዋ ወይዘሮ የኔነሽ ናቸው። ፈቃዳቸውን ሲፈርሙ፣ «ለእኔ ባይደርስ ለልጆቼ ይድረስ፤ ብቻ ሥጋዬን መሳቢያ ውስጥ አታስቀሪው» አሉኝ። እኔም ቃል ገባሁ።

ፈሳሹ አንድ ዓመት ተጠብቆ፣ በበረዶ ታሽጎ፣ ጥቅምት ላይ ጅማ ገባ። ከዚያ ወዲህ ስለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ሳይሟሉ ሣጥኑ እንዳይከፈት በማዘዝዎ አመሰግናለሁ። ሁለቱ ለለውጥ ሠራዊት ሥልጠና ሰኮሩ ስለነበሩ፣ ሣጥኑ ዘጠኝ ቀን ከቀለም ባልዲና ከመኪና ጎማ ጋር ስቶር ውስጥ ተቀመጠ። በረዶው ኮሚቴውን አልጠበቀም። እኔ ግን በርዎ ላይ የተለጠፈውን «ደንበኛ ንጉሥ ነው» እያነበብኩ፣ ንጉሥ በሚቆምበት አኳኋን ቆሜ ጠበቅኩ። ወንበር የሰጡኝ ስቶር ኪፐሩ ጋሽ ጎሳዬ ብቻ ናቸው።

፪ኛ. በአሥረኛው ቀን ብልቃጧ ወጣች። ቁመቷ ከጣት አንጓ አይበልጥም፤ ውስጧ ያለው ሁለት ጠብታ ቢሆን ነው። ፋብሪካው የሚሸጠው እንዲሁ ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ በራሱ ማበረዣ ፈሳሽ በልኩ እየተበረዘ ለሠላሳ አንዱም ናሙና ይበቃል። እርስዎ ግን አጋሮ ቡና መጋዘን በሠሩበት ዘመን ያልሞላ ጆንያ ተረክበው አያውቁምና፣ ብልቃጧን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው ጎደሎ መሆኗን አረጋገጡ። ልኩ የተጻፈበትን ሰነድ ባሳይዎ፣ ዕቃው ራሱ ይናገራል አሉኝ። ቃለ ጉባኤውም «ጉድለቱ እስኪሟላ ርክክቡ አይፈጸምም» ይላል። ከባሕር ማዶ እስከ ጅማ ድረስ ያንን ፈሳሽ ማን ጠጥቶት እንደሆነ እስከ ዛሬ ሳሰላስል እውላለሁ።

፫ኛ. ቢያንስ በእኛ ማቀዝቀዣ ትቆይ ብዬ ብለምን፣ ያልተረከብነው ንብረት ከስቶር አይወጣም አሉኝ። ለንብረቱ ስላሰቡ አመሰግናለሁ።

ክቡር ሆይ፣ አንዳንድ አንቲቦዲ ሙቀት ይችላል፤ ስለዚህ ተስፋዬን ገና አልቀበርኩም። ነገ ሐሙስ ስትሰበሰቡ ብልቃጧን ከነጉድለቷ ተቀበሉልኝ። ሌላ ልመና የለኝም።

ጎደሎ ነገር ለማያመልጠው ዓይንዎ ያለኝን የማያልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣

ልያ ማርቆስ
የላቦራቶሪ ረዳት ተመራማሪ
ኅዳር ፭ ቀን ፳፻፭ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው ሐሙስ አለፈና ጋሽ ጎሳዬ ጠርተው ርክክቡ መፈጸሙን አበሰሩኝ። ምልልሴ አሳዝኗቸው ኖሮ፣ ኮሚቴው ከመቀመጡ በፊት ብልቃጧን በቧንቧ ውኃ እስከ አፏ ሞልተዋታል። እርስዎም ብርሃን ላይ አንስተው፣ «አሁን ትክክል ነው» ብለው ፈርመዋል። ጋሽ ጎሳዬን አልወቅስም፤ ከመሥሪያ ቤትዎ ያዘነልኝ ሰው እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ሰርቦ እወርዳለሁ። ወይዘሮ የኔነሽ ከምን ደረሰ ሲሉኝ የማሳያቸው የእርስዎን ፊርማና ማኅተም ነው፤ እሱ ምንም አይጎድለውም።