ከጓሯችን በር የሰፋው ማሽን

ጂንካ፣ ሐሙስ ግንቦት 17 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድህና ለምቆጣህ ለአባዬ፣

ጌታ በወጣህበትና በገባህበት ሁሉ ይጠብቅህ። እማዬ ደህና ናት፤ ዝናብ ሲመጣ ብቻ ጉልበቷን ያማታል። እኔም ጤነኛ ነኝ። በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር፤ ግን እኔ ስጮህ አንተ ትዘጋዋለህ። ወረቀት አይጮህም፣ ስለዚህ ጻፍኩት። ቅዳሜ ቶላ ለዲመካ ገበያ ሲወርድ ይሰጥሃል። ፍየል እየተደራደርክ አታንብበው፣ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ዋናውን ላስቀድም። ሰኞ ጠዋት የምሠራበት ፕሮጀክት ሰዎች የጓሯችንን አጥር ሊቆርጡት ነው። አጥሩን ብቻ አይደለም፤ ከበሩ ግራና ቀኝ ያሉትን እንሰቶች፣ አንተ የተከልከውን አቮካዶም ጭምር። ቀይ ቀለም ቀብተውባቸዋል። ማስቆም የምትችለው አንተ ብቻ ነህ፤ የፈቀድከው አንተ ነህ ይላሉና።

የተቀጠርኩበት ፕሮጀክት አምና የሰፈራችንን ያረጀ ቡና ሁሉ አስጎንድሎ ነበር። የተቆረጠው ግንድና ቅርንጫፍ በየጓሮው ተከመረ። ግማሹ ተቃጠለ፣ ግማሹ የእባብ መኖሪያ ሆነ። ተፈጭቶ ከቡናው ሥር ጉዝጓዝ ቢሆን አፈሩን እርጥብ አድርጎ ያቆየዋል ብዬ ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ። እንግዲያው መፍጫውን አንቺ ምረጪ አሉኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግርህም። የተማርኩት ነገር አንድ ቀን ለእማዬ ጓሮ ሊውል ነው ብዬ ነበር።

የማሽኖቹን ካታሎግ ከመግለጤ በፊት በሮቹን ነው ያየሁት። የሰፈራችን የጓሮ በር እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ፤ የእኛንም አንተው ነህ የሠራኸው። ሁለት ቋሚ፣ በመካከሉ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ክፍተት፣ ላም እንዳትገባ ተብሎ። ሸክም የያዘች ሴት በጎኗ ዞራ ትገባለች። ገመድ ይዤ ከጓሮ ጓሮ እየለካሁ ዞርኩ። ከዚያ መረጥኩ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አይሆንም፤ ጓሮ ውስጥ መብራት የለም። በትራክተር የሚጎተተው ጭራሽ አይታሰብም። የመረጥኩት በቤንዚን የሚሠራ ትንሽ ማሽን ነበር፤ ባለ ሁለት ጎማ፣ ሁለት ሰው በጭቃ ገፍቶ ዳገት የሚያወጣው፣ በሰፈሩ ጠባቡ በር እንኳ የሚያልፍ። እንደ ክንድ የወፈረ የቡና ግንድ ይፈጫል። እንጨት የሚጎርስበት አፉ ረጅም ስለሆነ የሰው እጅ ቢላው ጋ አይደርስም። ይህን ሁሉ ጻፍኩ። ርዕሱን «ለጓሮ የሚሆን ኮምፓክት ቺፐር ይገዛ» አልኩት። ቺፐር የእንጨት መፍጫው የፈረንጅ ስሙ ነው፤ ኮምፓክት ደግሞ ትንሽ፣ ቦታ የማይፈጅ ማለት ነው።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ እኔ አልነበርኩም፤ የኮንትራት ሠራተኛ አይገባም። ከወር በኋላ አንድ ትራክተር ማሽን እየጎተተ መጣ። ከተዘጋ የእርሻ ካምፕ የወጣ አሮጌ ነገር፣ ቁመቱ ከቤታችን ክዳን የሚተካከል። ታች መንገድ ዳር ቆመ፣ ከዚያ ወዲያ መግቢያ አጣ።

የግዥ ኃላፊው ልዑልቃል ጋ ገባሁ። ይህን ማን መረጠው አልኩት። ሳቀብኝ።

«አንቺው ነሻ። ቺፐር ይገዛ ብለሽ የጻፍሽው ማን ነው? ዋጋ አወዳደርን፣ ቺፐሩን ገዛን።»

ገባህ አባዬ? በእንግሊዝኛ «ይበልጥ ርካሽ የሆነው» የሚባለውም ቺፐር ነው፤ በእኛ ፊደል ሲጻፉ አይለያዩም። ሰውየው ርዕሱን አየ፣ ርካሹን ግዙ ማለቷ ነው ብሎ አሰበ፣ ከሥሩ የጻፍኩትን ሳያነብ ፈረመ። እኔ ያልኩት መፍጫ ነው አልኩት።

«ታዲያ ይኼ መፍጫ አይደለም እንዴ?» አለኝ።

ተሳስተናል ብለው ይመልሱታል ብዬ ነበር። የፕሮጀክቱ ኃላፊ አቶ ተረፈ ግን ሌላ መላ አመጡ፤ ማሽኑ ካልገባ በሩ ይስፋ። «አክሰስ ይከፈታል» ይላሉ፣ መግቢያ ማለታቸው ነው። የእኛ ጓሮ ከመንገዱ የመጀመሪያው ስለሆነ ከእኛ ይጀመራል። ማሽኑን ተረክቤያለሁ ብለሽ ፈርሚ አሉኝ፣ አልፈርምም አልኩ። ኮንትራትሽ ሰኔ ላይ ያልቃል አሉኝ፣ ይለቅ አልኩ። ጎረቤታችን ሙሉሽ አጥሯን ቀለም ሲቀቡባት «ማሽኑ ሙሽራ ነው እንዴ፣ በር የሚሰፋለት?» አለቻቸው። ቀቢዎቹም ሳይቀሩ ሳቁ። ቀለሙን ግን ቀቡት።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ እንቢ ብላ ነበር። አባወራው ፈቅዷል አሏት። ለፍየል ንግድ ብለህ ከወረድክ ወዲህ የዚህን ቤት አጥር ያደሰችው እሷ ናት፤ እሷን የጠየቃት የለም።

እኔ አላመንኩም ነበር። ቶላ ነው የነገረኝ፤ ዲመካ ገበያ ሲያናግሩህ አጠገብህ ነበር። ማሽን ሊገባ ነው፣ አጥር ትንሽ ይነካል አሉህ። የምን ማሽን አልክ። ልጅህ የመረጠችው አሉህ። ያን ጊዜ ሳቅህና «ልጄ የመረጠችው ከሆነማ ቤቱንም ያፍርሱት» አልክ። ቶላ ደስ ይበላት ብሎ ነው የነገረኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ስንት ዘመን ካንተ አፍ «ልጄ» የሚለውን ለመስማት ስመኝ ኖሬ፣ የሰማሁት በዚህ ነው። አልመረጥኩትም አባዬ። ሌላው ሰው ሁሉ መረጠችው ይበል፣ አንተ አትበል። እሑድ መኪና ተሳፈርና ና። በራስህ አፍ አልፈቅድም በላቸው። የእኔን እንቢታ አይሰሙም፣ የእማዬንም አይሰሙም።

ዓርብ

ሳላሽገው ይህን ልጨምር። ዛሬ ጠዋት አቤቱታ ላስገባ ዞን ሄጄ ወረፋ ይዤ ነበር። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ከምሳ በኋላ ተመለሽ ተባልኩ። በባጃጅ ስመለስ ከመንገዱ ላይ ሆኜ እማዬን አየኋት። ከዚያ ቦታ ጓሯችን ታይቶ አያውቅም።

ሰኞን አልጠበቁም። ዝናቡ ሳይጠነክር ብለው ነው አሉ። አቮካዶው ወድቋል፣ ያልበሰለ ፍሬው ጭቃ ውስጥ ነው። ትራክተሩ ማሽኑን እየጎተተ ገባና ከቤቱ ጀርባ ዳገቱ ላይ ተንሸራተተ፤ ወደ ላይኞቹ ጓሮዎች መውጣት አልቻለም። እኔ ስደርስ ማሽኑን እዚያው ፈትተውት እየሄዱ ነበር። እየሮጥኩ ተከትዬ ጮህኩባቸው፣ በየስማቸው እየጠራሁ። አንዱም ዞር አላለም። ስመለስ እማዬ የወደቁትን እንሰቶች እየሰበሰበች ነበር፣ ሳይበላሹ ልትፍቃቸው።

ስለዚህ ለሰኞ አትቸኩል። የምትከለክለው ነገር አልቀረም። አልመረጥኩትም ያልኩህን ብቻ እመነኝ።

እዚያ ላሉት ሰላም በልልኝ። ትንሿን ኤፍራታን ሳምልኝ፤ አይቻት ባላውቅም እህቴ ናት፣ እሷ ምንም አላጠፋችም። ጌታ ጤናና ዕድሜ ይስጥህ፣ እጅህ የነካውን ይባርክልህ።

ለአባዬ ምን ልበልልሽ ብዬ እማዬን ጠየቅኳት። ከምትፍቀው እንሰት ቀና ሳትል፣ «አሁንማ ቤቱ ከመንገድ ይታያል፣ አይጠፋበትም በይው» አለች።

ልጅህ
ጸሎት ሕዝቅኤል