ከጭቃ የተሠራችው ጆ

ከማማ ምድር፣ ከሞላሌ በታች
መስከረም ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ውድ እትዬ ጥሩሸዋ፣

ክረምቱ በግሼ ራቤል እንዴት አደረገዎ? እኛ ጋ ገብሱ አሽቷል፣ በጎቹም ከብርዱ ተርፈዋል፣ አባባም እንደ ልማዳቸው ተማሪ ይቆጣሉ፤ ደኅና ነን ማለት ነው። ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ፣ መስመሩም ቁልቁል ቢወርድ እንዳይስቁብኝ። ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ የጥፋቱ ግማሽ የእርስዎ ነው።

ነጋዴው መኳንንት ከራቤል ሲመለስ መልእክትዎን አደረሰን። ጆሮዬ ከዳኝ፣ ሰው ሲሥቅ ምን እንደተባለ ሳላውቅ መቀመጥ አሳፈረኝ፣ ከልጄም ከእታገኝ ቤት ወጥቼ ገዳም ልግባና ልረሳ ብለዋል አሉ። ባለቤቴ ወዳጆ፣ ወንድምዎ፣ ሰምቶ አለቀሰ። እኔ ግን፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ተናደድኩ። ደግሞስ እርስዎ መንነው ሊቀመጡ! ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳም እንዲሉ፣ በሱባኤ መካከል ለመነኮሳይያቱ ሊጥ ማድቦልቦልዎ አይቀርም። ስለዚህ ገዳም ከመግባትዎ በፊት በአፌ ብዬዎ የማላውቀውን ነገር ልጽፍልዎ ተነሣሁ።

ልጄ አፈወርቅ ሦስት ዓመት ሞልቶት አንድ ቃል ሳይወጣው ሲቀር ያልተባለ ነገር የለም። «አፈወርቅ ብለው ሰይመው አፉን ቆለፉበት» ይሉ ነበር፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እኔ የሰማሁት ከሁሉ በኋላ ነው። ደግ ደጎቹ ደግሞ «ዝም አይነቅዝም» እያሉ ያጽናኑኝ ነበር። አለመንቀዙስ ባልከፋ፤ እኔ ግን እናት ነኝ፣ አንድ ቀን እንዲጠራኝ እፈልግ ነበር።

ቁርጡን የነገሩኝ አባባ ናቸው። እርስዎ እንደሚያውቁት አባትዎ የደብሩን ልጆች ሁሉ ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው፤ በእሳቸው ዘንድ ደግሞ ፊደል በጉሮሮ የሚያዝ ነገር ነው። ልጁ «ሀ» ብሎ ካልጮኸ ሀን አላወቃትም። አፈወርቅን ከጽዱ ዛፍ ሥር ከትንንሾቹ ጋር አስቀምጠው፣ በስንደዶ እያመለከቱ ጠበቁት፣ ጠበቁት። እሱ ስንደዶዋን ብቻ ያያል።

«የትምወርቅ ልጄ፣» አሉኝ አባባ፣ «ፈጣሪ ልሳን ያልሰጠውን እኔ ከየት አመጣለታለሁ? ከፍ ሲል ከበጎቹ ጋር ይዋል። ትምህርቱን ተዪው።»

ክፋት አልነበረባቸውም። ግን በካህን ቤት ተወልዶ ከትምህርት የተለየ ልጅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ገና ጥርሱን ሳይጨርስ ከሰው ተራ ወጣ ማለት ነው። ያን ጊዜ እርስዎ ባለቤትዎ ሞተው ወደ አባትዎ ቤት ከተመለሱ ዓመትም አልሆነዎ፤ የራስዎ ሐዘን ይበቃዎ ነበር። ማዕዘን ተቀምጠው የበግ ፀጉር ይፈትሉ ነበር፣ እንዝርቱን እንኳ ሳያቆሙ «አፉ ቢዘጋ እጁ ክፍት ነው፣ ለእኔ ተዪልኝ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያ ቤት የሰው ይሁን የበግ ሳይለይ ከረመ። ለወዳጆ ባና፣ ለብርድ ልብሱ፣ የፈተሉትን ጥቁር ክር በነጭ አጎዛ ላይ አጥፈው «በ»ን ያስተኛሉ፣ ወዲያው ደግሞ በጊቱን ከደጅ ጎትተው ያስገባሉ። «ው»ን ሠርተው እጁን ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ክሩን እሱ በትንንሽ ጣቶቹ ሲያጥፈው፣ ሲያጣምመው፣ እርስዎ አንድ ቀን «ተሳሳትክ» አላሉትም፤ እንደገና ጎትተው ያስተካክሉና ይሥቃሉ። ባናው በዚያ ዓመት አላለቀም፣ ወዳጆም በአሮጌው ብርዱን ቻለው።

ቀጥሎ ጭቃው መጣ። ከወንዝ ዳር ያመጡትን ሁለታችሁ አድቦልቡላችሁ፣ በምድጃው ዳር አድርቃችሁ፣ ሙዳይ ሙሉ ፊደል አበጃችሁ። ያ ጨዋታ ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው፦ እርስዎ አንዲቱን ፊደል በእጁ ያኖራሉ፣ እሱ ከገላዎ ላይ ቦታዋን ይፈልግላታል። ዓን በዓይንዎ ላይ፣ ጥን በጥርስዎ፣ ሆን በሆድዎ። ሌላ ጊዜ ደግሞ እሱ ይሰጣል፣ እርስዎ ከእሱ ገላ ላይ ያስቀምጣሉ። ቦታዋን ሆን ብለው ሲስቱ አንሥቶ ይመልስልዎታል፤ ሲያገኙ በሣቅ ይንከባለላል። አባባ እህል ሲቀምሱ በዓይናቸው ጫፍ ያያሉ፣ ግን አላየሁም ነው ነገሩ።

የሊጡን ቀንስ እንዴት እረሳዋለሁ? ለማርያም ዝክር ከተቦካው ቆንጥረው ሀን ጋግረው ሰጡት፤ ገና ግማሿን ገምጦ አባባ ገቡ።

«ምንድን ነው የሚበላው?»

«ሀን» አሉ እርስዎ ሳያፍሩ።

«ፊደል ይበላል እንዴ! የእግዚአብሔር ስም የሚጻፍበት! ዛሬ ሀን የበላ ነገ ዳዊቱን ይምራል?»

«አባቴ፣ ዮሐንስ በራእዩ መጽሐፊቱን ብላ ተብሎ በልቷት የለም? ለአፉ እንደ ማር ጣፈጠችው ይላል። ያነበቡልኝ አንቱው ነዎት።»

አባባም «ሆዱን እንደመረረችውም ይላል፤ እሱን ለምን ዘለልሽው?» አሉ፣ ጺማቸውን ይዘው እየሣቁ ወጡ። እኔ ከኋላ በሩ ጋ ሆኜ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወትፌ ነበር። ሣቄን መቻል አቅቶኝ ነው።

ከዚያ እታገኝ ወለደችና ሊያርሷት ወደ ራቤል ሄዱ። በሄዱ ሰሞን ልጁ አንድ ጠዋት እየጮኸ ተነሣ። ገላው ይፋጃል፣ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ይወዘወዛል። ጎረቤታችን አስካለ ማርያም «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሸችለት፤ ሌላዋ «ዓይን ነው» አለች። ወዳጆ ገበያ ሄዷል። አቅፌ ባባብለው ከእጄ ሾልኮ ወጣ፣ ሙዳዩን ዘረገፈ፣ ከፊደሎቹ አንዷን መርጦ መዳፌ ላይ አኖረና ቁጭ ብሎ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር።

ያው ጨዋታው መሆኑ ነው። እሱ ሰጥቷል፤ ቦታዋን ማግኘት የእኔ ተራ ነበር። እኔ ደግሞ ፊደል አላውቅም። በሆዱ ላይ አኖርኳት፤ አንሥቶ መለሰልኝ። በግንባሩ አኖርኳት፤ መለሰልኝ። በአፍንጫው፣ በጉልበቱ... በመጨረሻ ወርውሮ ተንሰቀሰቀ፣ ተመልሶም ሄዶ ያቺኑ አንሥቶ አመጣልኝ። እትዬ፣ ልጄ የመጀመሪያ ቃሉን መዳፌ ላይ አኖረልኝ፣ እኔ ግን ማንበብ አልቻልኩም። ያን ለት የተሰማኝን ለጠላቴም አልመኝለትም።

አዝዬው ወደ ጽዱ ሮጥኩ። አባባ ተማሪዎቹን እያስጮሁ ነበር።

«አባባ፣ ይቺን ያንብቡልኝ!»

«ጆ ናት። ምን ሆንሽ? ልጁን ምን...»

አልጨረሱም። ጨዋታችሁን በዓይናቸው ጫፍ ያዩት ለካ ገብቷቸው ኖሯል። ጭቃዋን ቀስ ብለው በጆሮው ላይ አኖሯት። ልጁ ጩኸቱን ተወና፣ ጭንቅላቱን እንዳለ በአባባ መዳፍ ላይ ጣለው። አባባ ጎንበስ ብለው አሸተቱት፤ ውስጥ ውስጡን መግሏል።

«ይህ ልጅ መናገር አላቃተውም፤ አይሰማም ነበር» አሉኝ። «እኔ በማይሰማ ልጅ ላይ ነው የጮህኩት።»

በማግሥቱ ተማሪዎቻቸውን በትነው፣ ልጁን በበቅሎ አስቀድመው ከወዳጆ ጋር ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ይዘውት ሄዱ። ሐኪሙ ሕመሙ ከጨቅላነቱ የቆየ መሆኑን ነግሯቸው፣ ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ ወደ አንጎሉ ይዘልቅ ነበር አላቸው። ሲመለሱ የቀኝ ጆሮው ቀስ በቀስ መስማት ጀመረ። የግራው እንደ ተደፈነ ቀረ። የመጀመሪያ ቃሉም፣ እንደሚያውቁት፣ «እናቴ» አልነበረም፤ «እምቢ» ነበር። እኔ ግን እንደ ምርቃት ነው የተቀበልኩት።

እርስዎ ከራቤል ሲመለሱ እግርዎ ላይ ወድቄ ላመሰግን አስቤ ነበር። ሳይዎት ግን አፌ ተሳሰረና «እኔንም ያስተምሩኝ» ብቻ አልኩ። እርስዎም ሳይጠይቁ ክሩን ዘረጉልኝ። ምስጋናዬ እንግዲህ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ኖሮ ይኸው አሁን ደረሰዎ። ልጄ በሕይወት ያለው፣ ዳዊት የደገመው፣ እኔም ይህችን ወረቀት የያዝኩት በእርስዎ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ።

አሁን ወደ ገዳሙ ነገር ልመለስ። እትዬ፣ ላለመስማት ከእኛ ቤት የተሻለ ቤት የት ያገኛሉ? እዚህ ማንም ከጀርባ ሆኖ አይናገርም። መሶብ ሲቀርብ ለልጁ ጥሩ ጆሮ እንደሚመች አድርገን እንቀመጣለን። ሣቅ ያመለጠው ሰው ካለ ወሬው እንደ አዲስ ይነገርለታል፤ እንዲያውም ሁለተኛው ሣቅ ይበልጣል። አባባም ዘንድሮ ጆሯቸው ከብዷል፣ ግን አላመኑም። ጸሎቱንም እዚሁ ያድርሱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከደጃችን ነው። እርስዎ ልጄን አንድ ቃል ባይናገርም ከሰው ተራ አላወጡትም፤ እኛም እርስዎን አናወጣዎትም።

መስቀል ሲያልፍና ወንዞቹ ሲጎድሉ ወዳጆና አፈወርቅ በቅሎዋን ይዘው ይመጣሉ። እታገኝን በእኔ ስም ያስፈቅዷት። እምቢ ካሉ እኔ ራሴ እመጣለሁ፣ ያን ጊዜ ደግሞ ጩኸቴን ሳይወዱ ይሰሙታል።

አክባሪዎና ባለ ዕዳዎ፣
የወንድምዎ ሚስት የትምወርቅ

አፈወርቅ «እኔም ልጨምር» ብሎ ብዕሩን ነጠቀኝ፦

አክስቴ፣ የእኔ የሚሰማው የቀኙ ነው። የእርስዎ የትኛው ነው? በቅሎዋን ስስብ በየት በኩል ሆኜ እንደማጫውትዎ ከአሁኑ ልወቅ ብዬ ነው።