የመጀመሪያዋ መኪና ሁለት ጎኖች

ውድ ኔሪዮ፣

እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር ነበር። ከአርባ ዓመት ኩርፊያ በኋላ ግን ለራሴም አልጥም አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ አንዴ እቀመጣለሁ፣ አንዴ እነሳለሁ። ሚስቴ ኢቬታ «ወይ ጻፍ ወይ ውጣ፤ ወለሉን በእግርህ ጨረስከው!» ብላ ከኩሽና ጮኸችብኝ።

ቢጫዋ መኪና ሞዴና ተመልሳለች። አዎ፣ ያቺው! አለቃችን ባራልዲ የላም ማለቢያ ማሽን መሥራት ሰልችቶት «በዓለም ፈጣኗን መኪና እሠራለሁ» ብሎ አገር ያሳቀባት የፋብሪካው የመጀመሪያ ልጅ። ከሱ ወዲህ ፋብሪካው ሦስት ጌታ ለውጧል። የአሁኖቹ ስዊሶች ለአርባኛ ዓመቱ በዓል ሊያድሷት ነው።

መቼም አትረሳውም። ንድፍ የለ፣ ልኬት የለ፤ አንድ ባትላሜራ ለአንድ ጎን። እኔ ግራውን፣ አንተ ቀኙን፣ ላሜራውን በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጥን በዓይናችን ገጠምናት። ለቶሪኖው ትርኢት ልትጫን ስትል ባራልዲ ዞሮ አያትና ሁለቱ ጎኖች አልመሳሰል ቢሉት «የትኛችሁ ነው የተሳሳተው?» አለ። «እሱ!» አልን እኩል። ባራልዲማ «ሁለቱንም ጎን ባንዴ የሚያይ ሰው የለም፣ ጫኗት!» ብሎ ሳቀ። አንተ ግን መዶሻህን ወርውረህ ወጣህ፤ በዚያው ቀረህ።

ትናንት የፋብሪካው ኢንጂነር ሎሬዳና አስጠራችኝ። በብርሃን የሚለካ መሣሪያ አላቸው።

«ማስትሮ፣ ከጎማዎቹ በላይ ያሉት ሁለቱ ፓራፋንጎዎች አይመሳሰሉም እኮ!»

«የኔ እናት፣ መቼ ተመሳስለው ያውቃሉ?»

«አለቆቼ አንደኛው ፈርሶ በሌላኛው ልክ ይሠራ ብለዋል። ትክክለኛው የቱ ነው? የሚነግሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

እንዳለች ተዉአት ብዬ ለመንኩ፤ በጄ አላሉኝም። አስብ እንግዲህ፣ ዕድሜ ልኬን ስጠብቀው የኖርኩት ጥያቄ! ደግሞ ዛሬም ያንተ ወፍሯል እላለሁ፤ ሐሳቤን ማንም አያስለውጠኝም።

ግን ባለፈው ሳምንት እህትህን አልዲናን ገበያ አግኝቻት ነበር። ስትሮክ ከመታህ ወዲህ ቀኝ እጅህ ማንኪያ እንኳ እንደማይዝ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ናፍቀኸኛል፣ አንተ ግትር። የኔ ቢፈርስ ሌላ እቀጠቅጣለሁ። ያንተ ከፈረሰ ማን ይሠራዋል?

«ቀኙ ነው ልክ» አልኳት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ግራውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስህተቴን አላውቅም?»

ሰኞ የራሴን ሥራ በገዛ እጄ አፈርሳለሁ። ትናንት ግን ያንተን ጎን ስዳብስ አመሸሁ፤ ከጎማው በላይ ያለው እብጠት እንዴት እንደወጣልህ ሊገባኝ አልቻለም። አልዲና ታምጣህ። ከጎኔ ወንበር አደርግልሃለሁ፤ አንተ በአፍህ ንገረኝ፣ ስትሰድበኝም ዋል፣ እኔ እቀጠቅጣለሁ።

ሳልጀምር የምጠብቅህ፣
ዶሪያኖ